ሳንኩንግ ያልቆጠረው ልጅ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳንኩንግ ዳርቦ ከንጋት ስግደት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ሚስቱን አልነበረም፤ ስልኩን ነበር። በዓለም ላይ ስንት ተመራማሪ ጽሑፉን እንደጠቀሰለት የሚቆጥር አንድ ድረ ገጽ አለ። ቁጥሩ ከትናንቱ ከጨመረ ፊቱ ይፈታል፣ የሩዝ ገንፎውንም እየተጫወተ ይበላል። ካልጨመረ አቀርቅሮ ይበላል። እኔ አንሱማና ጃታ ጎረቤቱና እኩያው ነኝ፤ የመንደሩን ልጆች ሂሳብ ሳስተምር አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው። በጃታዎችና በዳርቦዎች መካከል ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ መቀላለድ ስላለ፣ ሌላው አክብሮ የሚተወውን እኔ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

«ዛሬስ ስንት ሰው ስምህን ጠራ፣ አንተ ሩዝ ሌባ?»

«ጠሩኝ አልጠሩኝ አንተን ምን አገባህ? የጃታን ስም እንደሆን ከአበዳሪ በቀር የሚጠራው የለም።»

ይህን ሳንባባል ቀኑ አይጀመርም። ሚስቱ ሲራ ሁለታችንንም እንደማትሰማ ሆና የሻይ ከሰሉን ታራግባለች።

ጽሑፉ በመስታወት ተደርጎ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከመካው ሥዕል ጎን ተሰቅሎ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈና በሠንጠረዥ የተሞላ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ በሩቁ አይቶ ያደንቀዋል እንጂ አያነበውም። እኔ አንብቤዋለሁ። የሚለው ነገር ቀላል ነው። በእኛ ወረዳ ተወልደው ሳምንት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ከሌላው አገር እጅግ ያነሱ ናቸው። ምክንያቱም አራስና ልጅ ስም እስኪወጣ ድረስ ሰባቱን ቀን ከቤት አይወጡም፣ ከውጭ የመጣ ሰውም አይነካቸውም። የእናቶቻችን ልማድ ልጅ ያድናል ማለት ነው። የወንዝ ዳር ልጅ፣ ያውም የመንደራችን የባንታንኮቶ ልጅ፣ ይህን ነጮቹ በሚያነቡት መጽሔት ላይ ጻፈ። መንደሩ በሙሉ ኮራ፤ እኔም ቅናቴን ዋጥ አድርጌ ኮራሁ።

ጥናቱን የሠራው ከውጭ ተምሮ በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ያኔ ቀጭን ነበር፣ እያስነጠሰ የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ነበረው። በዕጣ የወጡትን ግቢዎች እየዞረ ሴቶቹን ይጠይቃል። ዕጣው የራሱም ግቢ ላይ ወደቀ። ሌላ ሰው ቢሆን የሚያውቀውን ሞልቶ ያልፍ ነበር። ሳንኩንግ ግን ሕጉ ሕግ ነው ብሎ በርጩማውን አምጥቶ የገዛ ሚስቱ ፊት ተቀመጠ። ሲራ ከሩዝ ጠጠር እየለቀመች ነበር። እኔ ሻይ እያፈላሁ ነበር።

«ስንት ልጅ ወለድሽ?» አላት፣ ብዕሩን ይዞ።

«አንተ የት ሄደህ ነበር?»

«ጥያቄው እንደዚያ ነው። መልሺ።»

«ሦስት።»

«ስንቱ አሉ?»

«ሦስቱም አሉ፣ አልሐምዱሊላህ። አንዷ ትከሻህ ላይ ወጥታ ጆሮህን እየጎተተች ነው።»

ጆሮውን የምትጎትተው ትንሿ ልጁ ጃራይ ነበረች። ሳቅን። ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ዜሮ ሞት። ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንም አላሰበውም። ጽሑፉ በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከየአገሩ ተማሪዎች ይጎርፉ ጀመር። በአንዱ ጽሑፍ ላይ ሌላው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላው እየተጨመረ ሄደ፤ ሁሉም ከታች «ዳርቦ እንዳለው» ይላል። ስሙን እንኳ ሰምተነው በማናውቅ አገር አራሶች ሰባቱን ቀን ከቤት እንዳይወጡ የሚመክር ሥዕል የጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ ተባለ፤ ፎቶውን አምጥቶ አሳየን። በእኛም ወረዳ ከወለዱ በኋላ አራሶችን በየቤቱ የምትጎበኝ አንዲት ነርስ ነበረች። በዚያ ሳምንት ችግር እንደሌለ በጥናት ስለተረጋገጠ ወደ ክትባት ሥራ አዛወሯት። ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ነርሷ ራሷ ብስክሌቷን ስትመልስ ደስ ብሏት ነበር፣ መንገዱ አሸዋ ነው።

ሳንኩንግ ከዚያ በኋላ ሌላ ብዙ ጻፈ። ስለ ወባ ጻፈ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ ጻፈ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየለትም። የተረፈው ያው ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ጡረታ ሲወጣም ያንኑ ይዞ ወጣ።

አንድ ክረምት ሃዲ ባልዴ መጣች። የቀድሞ ተማሪው ናት፣ አሁን ራሷ ተመራማሪ ሆናለች፤ ስታየው እንደ ሕፃን ነው የምትሽቆጠቆጠው። የእሱን ጥናት በዚያው ወረዳ፣ በእነዚያው ግቢዎች ደግማ ሠርታ ልታጠናክርለት ነበር ሐሳቧ። ወሩን ሙሉ ከሴቶች ጋር ከርማ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ገባች። ወረቀቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

«ተቀመጪ እንጂ» አላት።

«ዶክተር፣ ቁጥሩ አልገጥም አለኝ።»

«ደግመሽ ደምሪው።»

«ደምሬዋለሁ። እርስዎ ስንት ልጅ ወለድሽ ብለው ነበር የጠየቁት። እኔ ስንት ጊዜ አረገዝሽ፣ እያንዳንዱስ እርግዝና ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ምንም አልቀየርኩም።» ድምፅዋ አነሰ። «በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ጥቂት አይደሉም። ከሌላውም አገር ይብሳሉ። አንዳንዷ እናት ሁለት ሦስት አላት።»

እኔ ሻዩን መቅዳት ቀጠልኩ። አልገረመኝም፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። እኛ ዘንድ ስም ሳይወጣለት የሄደ ልጅ፣ ልጅ አይባልም። እንግዳ ነበር፣ ተመለሰ፣ ይባላል። ምንጣፍ አይነጠፍለትም፣ ለቅሶ ደራሽ አይመጣም። አሮጊቶቹ አጥበው ከግቢው ጀርባ ይቀብሩታል። እናቲቱን «ዝም በይ፤ ካለቀስሽለት፣ ከቆጠርሽው፣ ተመልሶ ሌላውን ይወስድብሻል» ይሏታል። ስለዚህ አትቆጥረውም። ወገቧን አስራ ወደ ሩዝ ማሳዋ ትወርዳለች፣ ሰውም ስለ ዝናቡ ያወራታል። ስንት ልጅ ወለድሽ ብለህ ብትጠይቃት ያንን አትነግርህም፤ እየዋሸችህም አይደለም። የውጭ ሰው ቢሆን ምናልባት እንዴት ነው ነገሩ ብሎ ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር። ሳንኩንግ ግን የእኛው ልጅ ነው። እሱም እንደ ሴቶቹ ሳይቆጥር አደገ።

«ከእኔም ግቢ ጠየቅሽ?» አላት ሳንኩንግ።

«አዎ።»

«ሲራ ምን አለች?»

ሃዲ መሬት መሬት አየች። «አራት ጊዜ አረገዝኩ አሉ።»

«ሦስት ነው» አለ ቶሎ ብሎ። ከጃራይ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። አምስተኛው ቀን ላይ ነው የሄደው። ሳንኩንግ «ሻይ ስጧት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሃዲ የለመነችው አንድ ነገር ነው። እርማቱ ይውጣ፣ የእሱም ስም ከፊት ይሁን። እሷ ብቻዋን ብታወጣው ልጅቷ መምህሯን ልትጥል ነው ተብሎ ዓመት ሁለት ዓመት ይጨቃጨቁበታል። እሱ ራሱ ተሳስቼ ነበር ካለ ግን ያልቃል፣ ነርሷም ወደ አራሶቹ ትመለሳለች። «አስብበታለሁ» አላት። ወረቀቱን ከሻይ ትሪው ሥር አደረገው፤ እዚያው ሰነበተ፣ የትሪው ክብ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት በኋላ።

«ያ ጽሑፍ ከሌለ እኔ ምን አለኝ፣ አንሱማና?»

«ጡረታ አለህ። ትልቅ ሆድ አለህ።»

አልሳቀም። «ማዘን እንዳለብኝ ይገባኛል። ጥርስ ሊነቅሉህ ሲያደነዝዙህ ታውቃለህ? በጣትህ ትነካዋለህ፣ ከንፈርህ ያንተ አይደለም። እንደዚያ ነው። የዚያን ልጅ ፊት አላየሁትም። እናቴ ከበሩ ብቅ ብላ ‹እንግዳው ተመለሰ› አለችኝ። እኔም ሞተሬን አስነስቼ ሥራ ሄድኩ። ምሳ ሳልበላ እንኳ አልቀረሁም።»

ሌላ ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጃራይ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ባሏ ዋና ከተማው ባንጁል ወደብ ላይ ነው የሚሠራው። ወንድ ልጅ በደህና ወለደች፤ እልል ተባለ፣ በሩ ተዘጋ። ሁለት ቀን ከውስጥ የልጁ ልቅሶ ሲሰማ ነበር። በሦስተኛው ድምፁ ቀነሰ። በአራተኛው ጠዋት እንደ ልማዴ ስገባ ምንም አይሰማም ነበር። ሳንኩንግ ስልኩን አልያዘም። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ እያየ ቆሟል።

«ጡት አልይዝም ብሏል» አለችን ጃራይ ከውስጥ። «ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሰውነቱ ይፋጃል።»

«ታዲያ ሆስፒታል ነዋ» አልኩ። ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ ነው፣ በጀልባ።

ሲራ ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም። «ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ከደጅ አይወጣም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ልመናም አልነበረም፤ ውኃ ቀጂ የምትል ነው የሚመስለው።

«እማ ልክ ናት» አለች ጃራይ። «አባ ራሱ የጻፈው አይደል? የወጣ ነው የሚሞተው።»

ያን ጊዜ የሳንኩንግን ፊት አየሁት። ሃዲ የሰጠችው ወረቀት እዚያው ትሪው ሥር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ጽሑፉ ስህተት መሆኑን የምናውቀው እሱና እኔ ነን፣ እኔን ደግሞ ማን ይሰማኛል? እሱ አፉን ከከፈተ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ያበቃል። ካልከፈተ ደግሞ አሮጊቶቹ ይጠራሉ፣ ጃራይ ዝም በይ ትባላለች፣ ማታውን ሁላችንም ሩዛችንን እንበላለን።

መጋረጃውን ገለጠና ገባ። ወንድ የማይገባበት ቤት ነው።

«ጫማሽን አድርጊ» አላት ጃራይን።

«አባ—»

«ጽሑፉ ስህተት ነው። ሟቾቹን አልቆጠርኳቸውም። ተነሺ።»

ሲራ በሩን ይዛ ቆመች። «የጃራይ አባት፣ ሰው ያያል።»

«ይይ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«እኔ ነኝ። ያኔ ስጠይቅሽ ሦስት አልሽኝ፣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አራት ነበር፣ ሲራ።»

የሲራ እጅ ከበሩ መቃን ላይ ወረደ።

ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልሎ ራሱ ተሸከመው። ወደ ጀልባው ለመሄድ ወንዶቹ የሚቀመጡበትን የዛፍ ጥላ ማለፍ ግድ ነው። እዚያ ሁልጊዜ ሥራ የፈታ አይጠፋም። ስም ያልወጣለት ልጅ በቀን ብርሃን ሲወጣ አይተው ካርታቸውን አቆሙ።

«ዶክተር» አለ አንደኛው፣ «የራስህን ጽሑፍ ረሳኸው እንዴ?»

«ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» አለ ሳንኩንግ ሳይቆም።

«አሁን ነው የምትነግረን?»

ሳንኩንግ አልፎት ሄደ። ጃራይ ከኋላው እየተከተለች ነው፣ እኔ ቦርሳዋን ይዣለሁ። ሲራ በመጨረሻ መጣች፣ ራሷን ተከናንባ። ጀልባው ላይ ዓሣ የጫኑ ሴቶች ዘንቢላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልን።

ልጁ እትብቱ አመርቅዞ መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ተኛ፣ መርፌ ተወጋ፣ ብርሃን ሥር አስቀመጡት። እስኪሻለው ስም ሳይወጣለት ከረመ፤ ለእኛ ይህ ራሱ የሚያሳፍር ነገር ነው። ሳንኩንግ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ከትሪው ሥር ያነሣውን የሃዲን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ። ሃዲን በስልክ ሲነግራት ሰማሁት። «ስሜን ከፊት አድርጊው» ብቻ ነው ያላት። ደስ ያለውም የከፋውም አይመስልም ነበር።

ስም ማውጫው ቀን ግቢው ሞላ። በጉ ታስሯል፣ የሚታኘከው የኮላ ፍሬ በሣህን ቀርቧል፣ ሴቶቹ ሩዝ ሲወቅጡ ያደሩበት ዱቄት በስኳር ተለውሷል። የልጁ አባት ስሙን ከባንጁል ይዞ መጥቷል። ኢማሙ የልጁን ፀጉር አስላጭተው ዱዓ አደረጉ፣ በጆሮው ስሙን አንሾካሾኩለት። አዝማሪው ጮክ ብሎ ሊያውጅ አፉን ሲከፍት ሳንኩንግ ተነሣ።

«ኢማም፣ አንድ ልጅ ይቀራል» አለ።

«የማን?»

«የእኔ። ከጃራይ በፊት የነበረው። ስም ሳይወጣለት ነው የሄደው። አልቆጠርኩትም። ዛሬ ስም እንዲወጣለት እፈልጋለሁ።»

አንዲት አሮጊት «አስተግፊሩላህ፣ አሁን በሕያው ልጅ ላይ?» ብላ ስታጉረመርም ተሰማ። ኢማሙ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ጺማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «በሃይማኖታችን የሚከለክል ነገር አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ማን እንበለው?»

ሳንኩንግ አላሰበበትም ነበር። የወረዳን ሞት ሁሉ የደመረ ሰው ለገዛ ልጁ ስም ሳያዘጋጅ ነው የተነሣው። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ መሬት አየ።

«ማላፊ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሲራ ናት። ከሴቶቹ መሐል፣ ዱቄቱን ከምታድልበት ገበታ ፊት። ቀና አላለችም።

«ማላፊ ነበር የምለው» አለች። «አምስቱንም ቀን። ሰው ሲወጣ።»

ኢማሙ ያንን ስም ሲሉ፣ አዝማሪውም ማላፊ ዳርቦ ብሎ ሲያውጅ ሰማን። እኔ ዓይኔን የትም ማሳረፍ አቃተኝ። ሲራ ዱቄቱን እያነሳች ማደሏን ቀጠለች። ሳንኩንግ እንደቆመ ቀረ፤ ጃራይ ነች ሄዳ ያስቀመጠችው።

እርማቱ ከወራት በኋላ ወጣ። እውነቱን ልናገርና፣ የሚጠቅሰው ሰው እምብዛም ነው። አሮጌው ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፣ ማንም እንዳልነካው ሁሉ። ይህን የማውቀው አሁን ስልኩን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ሳንኩንግ ትቶታል። ነርሷ ግን ተመልሳለች፣ በአዲስ ብስክሌት፣ አሸዋውን እየተራገመች። ግድግዳው ላይ ከመካው ሥዕል ጎን አራት ማዕዘን ንጹሕ ቀለም ብቻ ቀርቷል።

ከስም ማውጫው ማግሥት ጀምሮ ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲራ ዘንድ ይገቡ ጀመር። ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጣሉ፣ ኮላ ያስቀምጣሉ፣ ለማላፊ ዱዓ አድርገው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ እዚያው የራሳቸውን ስም ያነሳሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እኔ ግን መሄድ ከበደኝ። በየቀኑ የምገባበት ቤት ነው፣ ለሻይ ስገባ በአጠገቧ አልፋለሁ፣ ስለ ዝናቡ አውርቻት እወጣለሁ። ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ እንዴት ብሎ ለቅሶ ይደርሳል? ማላፊ በሄደበት ቀን የሳንኩንግ ሞተር ተነሥቶ ሲሄድ ሰምቼ ነበር፤ እኔም ደወሉን ልደውል ወደ ትምህርት ቤቴ ሄድኩ።

አንድ ቀን ኮላ ገዝቼ፣ ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ። ሲራ ብቻዋን ነበረች።

«ሻዩ ገና ነው» አለችኝ።

«ለሻይ አይደለም የመጣሁት። ስለ ማላፊ ነው። አላህ ያጽናሽ።»

ኮላውን ተቀበለችኝ። እየገለባበጠች ብዙ አየችው።

«ዘገየህ፣ አንሱማና» አለች።

ከዚያም ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ተቀመጥኩ።